የጀማሪዋ ፍሬም

ሽርርር... ጠቅ። ሽርርር... ጠቅ።

መርማሪዋ ድምፁን የሰማችው ገና ደረጃውን ስትወጣ ነበር። ሬሳ ካለበት ቤት ልቅሶ እንጂ ሥራ አልጠበቀችም። በሩን ገፋ ስታደርግ፣ ዓይኗ በልቅሶ ያበጠ ወጣት ሴት ጎማ የተገጠመለት እንጨት በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ስስ ጨርቅ በተወጠረበት ፍሬም ላይ ቀይ ቀለም እየጎተተች ከናቴራ ታትማለች።

«ሟቹ የት ነው?»

«ከኋላ፣ ጨለማው ክፍል።» እጇ አላቆመም።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትዕዛዙ ለዛሬ ነው ብለው እትዬ...»

እትዬ የተባለችው የሟቹ ሚስት ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «የሞተው ሞቷል፤ ደንበኛ አይሞትም» አለች። «ገዳይ ፍለጋም አይድከሙ፤ እቺው ተማሪ ተብዬ ናት። ባሌ ትናንት ያበላሸችውን ከናቴራ አልብሶ መንገድ ለመንገድ ቢያዞራት ቂም ያዘች። ይውሰዱልኝ፤ ብቻ ሥራውን ትጨርስ።»

ከበሩ በላይ ሁለት ከናቴራዎች ተቸንክረዋል። አንዱ አዲስ፣ ቀለሙ የተዝረከረከ። ሌላው የወየበ፣ ፊደሎቹ በመስታወት እንደታዩ የተገለበጡ።

«አሮጌው የማን ነው?»

«የኔ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የቤቱ ዋና አታሚ። «የመጀመሪያ ሥራዬ ናት፤ የጽሑፉን ፊልም ገልብጬው። ወንድሜ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ያሳያት ነበር። ጨዋታ ነው።»

«አንተንስ አስቆህ ያውቃል?»

ወደ ሥራው ዞረ። መርማሪዋ እጁ ላይ ያለውን የቀለም መጎተቻ አየች፤ እጀታው ለአውራ ጣት ማሳረፊያ ተፈልፍሏል።

«በገዛ እጄ የፈለፈልኩት ነው» አለ ፊቱ በራ ብሎ። «ማንም አይነካብኝም፤ ማታ እንኳ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነው የምሄደው።»

ጨለማው ክፍል ውስጥ ሟቹ ወለሉ ላይ ተዘርሯል፤ ጆሮ ግንዱ ተፈንክቷል። ወንድሙ ከበሩ ሳያልፍ፣ «ጠዋት በቀዩ መብራት ነው ያየሁት» አለ። «ነጩ እዚህ አይበራም፤ የማተሚያ መድኃኒት የተቀባ ፍሬም ያበላሻል።»

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ከጠረጴዛው ጎን፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አንድ ፍሬም ቆሟል። ተማሪዋን ጠራቻት።

ልጅቱ ስታየው ክው አለች። «የኔ ነው። ፍሬም ላይ መድኃኒት ስቀባ ትናንት የመጀመሪያዬ ነበር። ቁም ሣጥን ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ረሳሁት። ጋሼ ቢያዩት ኖሮ እሱንም አንገቴ ላይ ያንጠለጥሉልኝ ነበር።»

«ብርሃን ቢያገኘውስ?»

«የነካው ይጠነክራል። ጥላ ያረፈበት በውሃ ይታጠባል።»

ሁሉም በጨለማው ክፍል ማጠቢያ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ልጅቱ ውሃ ለቀቀችበት። አብዛኛው መድኃኒት ንቅንቅ አላለም። ከመሐል ግን ቀስ እያለ አንድ ቅርጽ ተከፈተ፤ ሰፊ እንጨት፣ ጎኑ ላይ የአውራ ጣት ስርጉድ።

ሚስቲቱ ወደ ባሏ ወንድም ዞረች።

«ማታ መታኸው» አለች መርማሪዋ። «መጎተቻህን ግድግዳው ላይ ያስደገፍክ መሰለህ፤ ያረፈው ግን ፍሬሙ ላይ ነበር። ፍሬሞቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው ብለህ ነጩን አበራህ፤ ልምድ ያለው ሰው ሌላ ቦታ አያስቀምጥማ! ይህ መድኃኒት ደግሞ በክፍል መብራት ቶሎ አይጠነክርም። ብዙ ቆመሃል። በሕይወት ነበር?»

«ነበር።»

«መብራቱ ለምን አስፈለገህ?»

«ፊቱን ለማየት» አለ ወንድሙ። «ሐኪም ጥራልኝ እያለ ይለምነኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲስቅብኝ ነው ያየሁት፤ አንዴ እንኳ ሲለምነኝ ልየው ብዬ ነው።»

ደጅ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ወረዱ።

ሚስቲቱ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ተማሪዋ ዞረች። «በይ እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ነኝና ተሳሳትኩ። ቀለሙ ሳይደርቅብን...»

ልጅቱ ሽርጧን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አጥፋ አስቀመጠችው።

«የት ነው? አንቺ! እኔ እኮ እያናገርኩሽ ነው!»

በሩን ከፍታ ወጣች።