አንዳርጌ የተሰለፈበት ሰልፍ

መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም፤ ስለዚህ ጠጋ ጠጋ በሉ። ስልካችሁንም አጥፉ። የስልክ ብርሃን ባለበት ቤት እንኳን መንፈስ፣ ጎረቤትም ብቅ አይል። በሩ ተዘግቷል? በደንብ? ለነገሩ የምነግራችሁ ነገር በበር አይገባም።

ሰውየው አንዳርጌ ይባላል። የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ወደ ጃፓን ላከው። ከማን ጋር? ከመምሪያ ኃላፊው ከአቶ ጥጋቡ ጋር። አቶ ጥጋቡ ስለ ፓምፕ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ግን ኃላፊ ናቸው፣ ሄዱ።

ሥልጠናው ሲያልቅ አስተናጋጆቻቸው ወደ አንዲት የፍል ውሃ ከተማ ወሰዷቸው። ስሟን አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ ትሄዳላችሁ። በተራራ መሃል ናት። እንፋሎት ከመሬት ይወጣል፣ ከቦይ ይወጣል፣ ከድንጋይ ሥር ይወጣል። ሽታው? የተበላሸ እንቁላል።

እዚያ አገር ፍል ውሃ የሚገባው እንዴት ነው? ራቁት። በአንድ ገንዳ። ከአለቃ ጋር። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አለቃውን እንደተወለደ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ በምን ዓይኑ አይቶ ፈቃድ ይጠይቃል? አንዳርጌ ልብሱን አውልቆ፣ ፎጣውን ይዞ፣ ይህን አሰበ። አቶ ጥጋቡ ከገንዳው ውስጥ «ና ግባ እንጂ አንተ! ምን ያሽኮረምምሃል?» እያሉ ይጣራሉ።

«እኔ እንኳ ጌታዬ፣ ቤተ መቅደሱን ልጎብኝ» አለ።

ከከተማዋ በላይ፣ በጥድ ጫካ ውስጥ፣ ሺህ ዓመት ያለፈው የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። መውጫው መቶ ስምንት የድንጋይ ደረጃ ነው። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ፉሚኖ፣ ዩካታ የሚሉትን ስስ የጥጥ ልብስ ሰጡት። ቁልፍ የለውም፤ ግራና ቀኙ ይደረብና በመቀነት ይታሰራል። ፊት ለፊቱ ቆመው በራሳቸው ልብስ ላይ አሳዩትና ወደ ሥራቸው ሄዱ። እሱም መስታወት እንደሚያይ ሰው አድርጎ ደረበው። እሳቸው ግራውን ከላይ፣ እሱ ቀኙን ከላይ። ትንሽ ነገር ናት? እናንተስ ነጠላችሁን ለሠርግና ለልቅሶ አንድ ዓይነት ትለብሳላችሁ? እንግዲያው ስሙኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። አንዳርጌ ብቻውን ወጣ። ብቻውን! የእንጨት ጫማው ድንጋዩ ላይ ቀቅ፣ ቀቅ፣ ቀቅ ይላል። ሃምሳኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። ሰው የለም። ሰማንያኛው ላይ ደረሰ። ሰው የለም። መቶ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ምን አየ መሰላችሁ?

ሰልፍ።

አርባ የሚሆኑ ሰዎች፣ ሁሉም እንደሱ ለብሰው፣ ከትልቁ ደወል ፊት ቆመዋል።

እውነቱን ተናገሩ፤ የእኛ ሰው ሰልፍ ሲያይ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ይሰለፋል። ምን እንደሚሰጥ በኋላ ይጠይቃል። ዘይት ይሁን ስኳር፣ ቦታ ከተያዘ ወዲያ ይደረስበታል። አንዳርጌም ሮጦ መጨረሻ ላይ ቆመ። ከፊቱ አንዲት አሮጊት አሉ። ወዲያው ከኋላው ሌሎች ቆሙ። ሲመጡ ግን አልሰማቸውም።

ተራ የደረሰው ሰው ደወሉን አንድ ጊዜ ይመታል። ድው! ከደወሉ ጀርባ ወዳለው እንፋሎት ይገባል። አይመለስም። ሰልፉ አንድ እርምጃ ይራመዳል። አንዳርጌም፤ ቀቅ። ድው! ሰልፉ ይራመዳል። አንዳርጌም፤ ቀቅ።

«እንዴ!» አለ በልቡ፤ «ይሄ ሁሉ ሰው ሲራመድ የሚሰማው የኔ ጫማ ብቻ ነው?»

ከድንጋዩ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለና ወደ ሰልፉ መጣ። አንዳርጌ ጋ ሲደርስ ተከፍሎ በግራና በቀኙ አለፈ። አሮጊቷ ጋ ሲደርስ ግን በገላቸው ውስጥ አለፈ። በተከፈተ መስኮት እንደሚያልፍ!

ቀስ ብሎ ወደ ታች አየ። የአሮጊቷ ልብስ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ያልቃል። ከዚያ በታች እግር የለም። ከኋላው ያለው ሰውዬስ? የለም። ከዚያ ሁሉ ሰው እግር ያለው አንድ እንኳ ጠፋ!

እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ነበር። አንዳርጌ ግን ተራው ሊደርስ ጥቂት ሰው ነው የቀረው፤ መተዉ ያሳዝናል። ስለዚህ ጠየቀ።

«ይቅርታ እማማ፣ እዚህ ምንድን ነው የሚሰጠው?»

አሮጊቷ ዞሩ። ፊታቸው ደግ ነው። በምን ቋንቋ ተነጋገሩ እንዳትሉኝ፤ ሙታን ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ።

«መቼ ሞትክ ልጄ?»

«እኔ? ኧረ አልሞትኩም!»

«አይዞህ። ሁላችንም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያልነው።»

«ኧረ በሞቴ! ነገ አውሮፕላን አለኝ!»

«ታዲያ ቀኙን ከላይ የደረብከው ለምንድን ነው? በአገራችን እንዲህ የሚለብሰው ሬሳ ነው። ደወሉን ከመታህ መመለስ የለም። ሳትመታ ግን ግራውን ከላይ ብታደርግ ማንም አይነካህም።»

ድው! ሦስት ሰው ቀረ።

ቀላል ነው አይደል? መቀነቱን መፍታት፣ ልብሱን መግለጥ፣ እንደገና መደረብ። ግን አንዳርጌ ከውስጥ ምን ለብሷል? ምንም! አንድ አለቃ ፊት አፍሮ የሸሸ ሰው፣ አሁን በዚህ ሁሉ ሙት ፊት!

«እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ።»

«ሰማንያ ስድስት ዓመት ኖሬ ነው የሞትኩት። ምን አዲስ ነገር ልታሳየኝ ነው?»

ድው! ሁለት ሰው። ድው! አሮጊቷ ብቻ ቀሩ።

አንዳርጌ ዓይኑን ጨፈነ። መቀነቱን ፈታ። ልብሱን ገለጠ። ከኋላው «ኡኡ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሙታንን ያስደነገጠ ሰው ከሱ ሌላ አላውቅም። ግራውን ከላይ ደረበ፣ መቀነቱን ጥብቅ አደረገ፣ ሊሮጥ ዞረ።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከሰልፍ ሲወጣ የሚለው ነገር ከአፉ አመለጠ።

«እማማ፣ መጣሁ! ቦታዬን ያዙልኝ፣ እሺ?»

አሮጊቷ ጎንበስ አሉ። እዚያ አገር ጎንበስ ማለት ምንድን ነው? እሺ ማለት ነው።

አንዳርጌ አገሩ ገባ። አቶ ጥጋቡ ስለ ፓምፕ አርባ ገጽ ሪፖርት ጻፉ። አንዳርጌ ግን ሰልፍ እርም አለ። ዳቦ ሚስቱ ትሰለፋለች፤ ታክሲ ሰልፍ ካለው በእግሩ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ሃያ ዓመት ኖረ።

ባለፈው ክረምት አመሻሽ ላይ ዝናብ ያዘው። ብቻውን ነው። ለታክሲ ሰው ተሰልፏል። ለአንድ ቀን ምን አለበት ብሎ ተሰለፈ። ሰልፉ ሲራመድ ይራመዳል። ሰልፉ ሲራመድ ይራመዳል። ሾፌሩ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» አለ። ከፊቱ የተከናነቡ አሮጊት ቆመዋል።

«ይግቡ እማማ» አለ።

አልተንቀሳቀሱም። ጭቃውን አየ። የሁሉም ሰው ዱካ አለ። የሳቸው የለም።

ቀስ ብለው ዞሩ። «ልጄ» አሉ፤ «ቦታህን ይዤ እኔም ሳላልፍ ቀረሁ። ከኋላ ያሉት ተቆጡኝ።» እጃቸውን ዘረጉና…

«ና! ተራህ ነው!»

ምነው ጮሃችሁ? ምን ሆነ ነው የምትሉኝ? እኔ ምን አውቃለሁ። ታክሲው አንድ ወንበር ባዶ ይዞ ሄደ አሉ።

በሉ ተነሱ፣ መሽቷል። ብቻውን የሚሄድ እንዳይኖር፤ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ውጡ። በሩ ላይ ግን አደራችሁን፣ እንዳትሰለፉ።