የንጉሥ ኮከብ አጭር ክንድ

ንጉሡ በነገሡ በሃያ አምስተኛው ዓመት፣ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ባለ ሸራዎቹን ከወደቡ ማስወጣት በጀመሩበት ዘመን፣ በባሕሩ ዳር ካለው የድንጋይ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ከእንጨት ገንዳ ላይ አጎንብሳ ቀርታ ነበር። ገንዳው የባሕር ውኃ ሞልቶታል፤ ከሥሩ ባለው ጠጠር ላይ ገላዋ ሳንቲም የሚያክል፣ አምስት ቀጫጭን ክንዶች ያሏት ፍጥረት ተኝታለች። ዓሣ አጥማጆች ተሰባሪ ኮከብ ይሏታል፤ ሲይዟት ክንዷን ቆርጣ ጥላ ታመልጣለችና።

ሴትየዋ የንጉሡ የባሕር ፍጥረታት ቤት ሹም የሆኑት ሊቅ ልጅና ረዳት ነበረች። እጇ ከጨው ውኃ ስለማይወጣ የቤቱ ሠራተኞች «እመቤት ጨው» እያሉ ያሾፉባት ነበር፤ እሷም ትስቅላቸው ነበር። በዚያን ዕለት ግን የምትስቅበት አንጀት አልነበራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ከወደቡ አፍ የወጡትን ኮከቦች በመረመሩ ጊዜ፣ ሁሉም አንድ ወይም ሁለት ክንዳቸው አጭር ሆኖ ስላገኙት፣ ይህስ ሌላ ወገን ነው ብለው «የንጉሥ ኮከብ» የሚል ስም አወጡለት። በዚያ ቤት ልማድ ከመረብ የወጣ ፍጥረት ሁሉ ወዲያው አልኮል ውስጥ ይገባ ነበርና፣ አጭሩ ክንድ ውሎ አድሮ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው አልነበረም። ስሙም ተራ ስም ሆኖ አልቀረም፤ የወደቡ ሹም ለጦር መርከቦች መቆሚያ የዚያን ስፍራ ጭቃ ለማስዛቅ በተነሡ ጊዜ፣ የንጉሡን ስም የተሸከመው ፍጥረት ከዚያ በቀር የትም አይገኝም ተብሎ ሥራው በአዋጅ ቆመ። አጎቷን ጨምሮ የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩት ከዚያው ስፍራ በሚያወጡት ጠፍጣፋ ዓሣ ነበር።

አሁን ግን በገንዳው ውስጥ በሕይወት ያቆየቻት ኮከብ አጭሩ ክንዷ አድጎ ከሌሎቹ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም፤ አጎቷ ያመጣላት ዓሣ ሆዱ ሲቀደድም የክንድ ቁርጥራጭ ሞልቶት ተገኘ። አባቷንና አጎቷን ጠራቻቸው።

«አባዬ፣ ሌላ ወገን አይደለም» አለች። «ዓሣዎቹ እየጋጧቸው ነው። ክንዱ መልሶ ይበቅላል።»

ሊቁ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። አጎቷ የነገሩ መዘዝ ቶሎ ገባው።

«ጋሼ፣ ውኃውን ልድፋው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያየነው እኛ ብቻ ነን። ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ ነው።»

እሷም በልቧ አባቷ እሺ እንዲሉት ተመኘች፤ በመመኘቷም አፈረች። ሊቁ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገ ሌላ ሰው አንዲት ኮከብ ገንዳ ውስጥ ባስቀመጠ ቀን ውሸቱ መውጣቱ አይቀርም፤ ይልቅ ስፍራው ሊጠበቅ የሚገባው መንደሩን ስለሚያበላ መሆኑን አስረዳለሁ አሉ።

በንጉሡ ሸንጎ ፊት ቆመውም ስሕተታቸውን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ቀጥለውም ኮከቦቹ ገላቸውን በአሸዋ ቀብረው ክንዳቸውን ወደ ላይ በመዘርጋት በውኃው የሚንሳፈፈውን ምግብ እንደሚለቅሙ፤ የበሰበሰውንም እየበሉ ወለሉን እንደሚያጸዱ፤ ዓሣ ክንዳቸውን ነጭቶ ሲሄድ ሳይሞቱ ሌላ እንደሚያበቅሉ፤ ስለዚህም ያ ስፍራ ሳይታረድ የሚበላ መንጋ ማለት እንደሆነ አስረዱ። የወደቡ ሹም በጨዋ ደንብ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው።

«ሊቅ ሆይ» አሉ በኋላ፣ «የንጉሡን ስም በሌለ ፍጥረት ላይ አኑረው ይህን ያህል ዘመን ኖረዋል። ዛሬ የሚነግሩን እውነት መሆኑን በምን እንወቅ?»

«ክቡርነትዎ፣ ስሕተቴን የነገርኩዎ እኔው ነኝ።»

ሸንጎው ግን አላመናቸውም። አዋጁ ተሻረ፤ ወሩ ሳይወጣም ዛቂዎቹ መርከቦች ገቡ። ጭቃው በባሕሩ ዳር ተከመረ፤ በውስጡ ኮከቦቹ ገላቸው ተጨፍልቆ ነበር፤ ክንድ ይበቅላል እንጂ የተጨፈለቀ ገላ አይበቅልም። ዓሣው ቀስ በቀስ ጠፋ። አጎቷም ልጆቹንና መረቡን ይዞ ሊቁን ሳይሰናበት ወደ ሌላ ባሕር ዳር ሄደ። ሊቁም ከሁሉ በላይ በዚያ ያለ ስንብት መለየት እንዳዘኑ ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ከአዲሱ የወደብ ግንብ ወዲያ በታንኳ ወጥታ ኮከቧን ወደ ውኃው ለቀቀቻት። አምስቱም ክንዶቿ እኩል ነበሩ።

የዘመኑ ዜና መዋዕል ስለ ወደቡ ምረቃ፣ ስለ መድፉ ተኩስና ስለ ሹሙ ካባ በሰፊው ይተርካል፤ ስለ ዓሣዎቹና መንደሩን ትተው ስለሄዱት ሰዎች አንዳች አይልም። ሊቁም ተጠቅሰዋል፤ «በሌለ ፍጥረት የንጉሡን ስም ያቃለለ» ተብለው። ታሪክ ስሕተታቸውን አልረሳም፤ ማን እንደነገረው ግን ረሳ።