በሁዳዴ የተከሰሰ ሊጥ

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሲልቨር ስፕሪንግን ብርዱ ገና አልለቀቃትም ነበር፤ የሩሲያ ጦር ዩክሬንን ከወረረ ወር አልሞላውም፤ ሁዳዴም ተይዟል። በዚያው ሰሞን ጦርነቱን ሳያዩ ያረፉት የኢንጂነር ወንድሜነህ ወልደአምላክ አርባ ደረሰ።

ኢንጂነሩ በደርግ ዘመን ዩክሬን፣ ካርኪቭ ተልከው ሲማሩ ጋሊና የምትባል የዚያን አገር ልጅ አገቡ፤ ዘመኑም ሲከፋ ተያይዘው አሜሪካ ገቡ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ «ለአርባዬ ለሚመጣው ሰው ያንቺን ቫሬኒኪ አብዪልኝ» ብለዋት ነበር፤ ቫሬኒኪ ማለት ድንች በቀጭን ሊጥ ተጠቅልሎ በፈላ ውሃ የሚቀቀል የአገሯ ምግብ ነው። ለጋሊና ግን ነገሩ የምግብ ብቻ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በባሏ ዘመዶች ዘንድ «ፈረንጇ» እየተባለች ኖራለች፤ በዚህ ቀን ሐዘንተኛውን በገዛ እጇ አብልታ የወንድሜነህ ሚስት መሆኗን በሰው ፊት ማስመስከር ፈለገች።

የኢንጂነሩ ታላቅ እህት ወይዘሮ ሸዋዓለም ሽሮውንና ምስሩን አስጭነው እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ከተማ በማለዳ ደረሱ፤ ካፖርታቸውንም ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገቡ።

«ደግሞ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ቫሬኒኪ ነው፣ እትዬ ሸዋዓለም። ወንድሜነህ ነው ያዘዘኝ።»

«ሙት አይመሰክርም ብለሽ! ሊጥስ ያለ እንቁላል ይያያዛል? በሁዳዴ ሰው ልታስገድፊ ነው?»

«እንግዲያው ቁጭ ብለው ይዩኝ» አለች ጋሊና፤ ወንበርም ሳበችላቸው።

ተቀመጡ፤ ዓይናቸውንም አልነቀሉም። ጋሊና ዱቄቱን በጨው፣ በትኩስ ውሃና በጥቂት ዘይት አቦካች፤ ሊጡን ዳምጣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጋ ቆረጠች፤ ልጇ ማኅደር የተደፈጠጠውን ድንችና በዘይት የተጠበሰውን ሽንኩርት እያቀበለቻት፣ እሷ እየሞላች ጠርዙን በጣቷ ቆንጥጣ ትገጥማለች። በመካከሉ እጇን ጠርጋ ስልክ ደወለች፤ ካርኪቭ ያለችው እህቷ አሁንም አታነሣም።

«አገርሽ እየነደደ አንቺ ሳምቡሳ በውሃ ትቀቅያለሽ» አሉ ወይዘሮ ሸዋዓለም።

ጋሊና የያዘችው በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ ውሃው ውስጥ ተበተነ። ጨካኝ ሴት ነበሩ፤ ሌላ ቃል አልፈልግላቸውም።

ሰው መጣ፤ ጸሎት ተደረገ። ከሮክቪልም ከጌይተርስበርግም የመጣውን ዘመድ ወይዘሮ ሸዋዓለም በር ላይ ቆመው ይቀበሉ ነበር፤ ለእያንዳንዱም በጆሮው «የሷ ፍስክ ነው፤ እንዳትነኩ» ይሉታል። ስለዚህ ጋሊና ትሪውን ይዛ ስትዞር አንዱ ጠገብኩ አለ፤ ሌላው ጨጓራ አለብኝ አለ፤ አንዷ እመቤትማ እንዳይነካት ነጠላዋን ሰበሰበች። ጋሊና ነገሩ ገባት፤ ቀጥ ብላም መልአከ ሰላም ቀሲስ ኪራኮስ ዘንድ ሄደች።

«አባታችን፣ የጾም ነው። ይባርኩልኝ።»

ቀሲሱ አመነቱ፤ ሹክሹክታው እሳቸውም ጆሮ ደርሷል።

«አክስቴ ኪችን ውስጥ አብራን ነበረች!» አለች ማኅደር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ «እሷን ይጠይቋት!»

«ወይዘሮ ሸዋዓለም፣ ሲሠራ ከነበሩ ይንገሩን፤ እንቁላል ወይም ቅቤ ገብቶበታል?» አሉ ቀሲሱ።

ወይዘሮ ሸዋዓለም በቀሲሱ እጅ ያለውን መስቀል አዩ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ።

«እኔ ምን አውቄ፣ አባታችን፤ ወጥ ቤቱ የሷ ነው።»

«ሪሊ፣ አክስቴ? እውነት?» አለች ማኅደር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የወይዘሮ ሸዋዓለም ግን ወለምታ አልነበረም፤ አስበውበት ነው የተናገሩት። ቀሲሱም ወደ ትሪው ዘርግተውት የነበረውን እጅ ሰበሰቡና «ከተጠራጠርን እንተወው» አሉ።

ጋሊና ትሪውን አስቀመጠች።

«ወጥ ቤቱ የኔ ከሆነ ቤቱም የኔ ነው፣ እትዬ ሸዋዓለም። ይውጡልኝ።»

እህትን ከወንድሟ አርባ ማስወጣት ነውር ነው፤ ሰውም ሁሉ እያጉረመረመ ወይዘሮዋን ተከትሎ ወጣ። እናትና ልጅ ባዶ ወንበሮች መካከል ቁጭ ብለው የቀዘቀዘውን በሉ።

ስለዚያ ዓመት የታሪክ ጸሐፍት ብዙ ይጽፋሉ፤ የትኛው ከተማ መቼ እንደተደበደበ፣ ማን እንደዋሸና ማን እውነት እንደተናገረ ገና ሲመረመር ይኖራል። የሲልቨር ስፕሪንጉን ማእድ የሚመረምር ግን አልተነሣም፤ ሲሠራ ያዩት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ከሦስቱም ሰው ያመነው ወይዘሮ ሸዋዓለምን ነው። ጋሊና ዛሬም ለቅሶ አትቀርም፤ ዳቦ ይዛ በገባች ቁጥር አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «በሁዳዴ እንቁላል ያበላችን እሷ ናት» ትላለች፤ ይህን የምትለውም ከዚያ ቫሬኒኪ አንዲት እንኳ ያልቀመሰች ናት።