የወንድሟ ድምፅ

የቤቱ ስልክ ሲጮኽ ክው አለች። ወንድሟ አልመጣም። እናቷ ሆስፒታል የማታ ጽዳት ተረኛ ናት። ምን ታድርግ? ጉሮሮዋን ጠረገችና ድምፅዋን አወፍራ አነሳችው።

«አቤት።»

«እንዴት አመሸህ?» አሉ ወይዘሮ ሰዓት። ስሙን ያወጡላቸው እሷና ወንድሟ ናቸው እንጂ ሴትዮዋስ የወጣቶች ፍርድ ቤት የመደባቸው ሶሻል ወርከር ናቸው። ሁልጊዜ ሲመሽ ይደውላሉ፤ ልጁ ቤት መግባቱን ለማረጋገጥ።

ወንድሟ የመኪና ስፖኪዮ ሲፈታ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ነበር። ዱሮ ቢሆን አለቀለት! አጎታቸው በእሱ ዕድሜ ማረሚያ ገብቶ ሲወጣ እናቱን እንኳ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ነበር። አሁን ግን ዳኛዋ «ቤቱ ሆኖ ይማር፤ ያጠፋውን ሠርቶ ይካስ» አሉ። «ከመሸ ግን ከቤት እንዳይወጣ።»

አንድ ቀን ዘገየ። እሷ በድንጋጤ ስልኩን አንስታ «አቤት» ስትል ወይዘሮ ሰዓት «ጎበዝ» ብለው ዘጉ። የሁለቱ ድምፅ አክስታቸውን እንኳ ያሳስታል። እሱ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ እኮ አንደኛ ነሽ! በቃ፣ አንዳንዴ ስልኩን አንሺልኝ።» አንዳንዴው ልማድ ሆነ።

ዛሬ ግን የሚያስቅ ነገር የለም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አንድ የሰፈር ጎረምሳ በር ላይ ጠብቆት የሚሄዱበትን ቦታ ጭምር ሲያንሾካሹክ ሰምታለች። «ዛሬ ስፖኪዮ አይደለም፤ ሙሉ መኪናውን ነው።» «ዘበኛውስ?» ሲል ወንድሟ፣ ጎረምሳው ጃኬቱ ሥር የሸጎጠውን የፌሮ ብረት አሳየው። ወንድሟ ፊቱ አመድ መስሎ ተከተለው። ታውቀዋለች፤ ፈሪ አሉኝ ከሚል ገደል ቢገባ ይመርጣል።

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው።»

«አይዞህ። ነገ ለዳኛዋ ስላንተ ጥሩ ነገር ነው የምነግራቸው።»

ብትናገር በገዛ አፏ ወንድሟን ማስበላቷ ነው። እናቷን በምን ዓይኗ ታያለች? ዝም ብትል ደግሞ ያ ፌሮ አለ። ሴትዮዋ መጀመሪያ የመጡ ቀን «ሲያስቸግራችሁ ንገሩኝ፤ የምመጣው ላሳስረው አይደለም» ብለው ነበር። እሱን ሁሉም ይላል!

«በል፣ ደህና እደር።»

«አይዝጉት!» አለች፤ ድምፅዋን ማወፈሩን ረስታው።

«ማነሽ አንቺ?»

«እህቱ ነኝ። ብዙ ቀን... እኔ ነበርኩ።» ስለ ጎረምሳውና ስለ ፌሮው እየተንተባተበች ነገረቻቸው፤ ቦታውን ግን ዋጠችው።

«የት ነው ያሉት?»

«ለፖሊስ ይናገራሉ?»

«ፌሮ ከተያዘማ አልዋሽሽም፣ መናገሬ አይቀርም። ግን መጀመሪያ የምሄደው እኔ ነኝ። አንድ ነገር ሳይፈጠር ከደረስኩ ይዤው ቤቱ እመለሳለሁ። ካልደረስኩ ግን ምንም ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

ከዚህ በፊት አዋቂ ሰው እንዲህ ብሎ አናግሯት አያውቅም። ይበልጥ ፈራች፤ ግን አመነቻቸው።

«ከጋራዡ ኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ» አለች። በሌላ እጇ ጫማዋን እየጎተተች ነው። «እኔንም ይዘውኝ ይሂዱ። እርስዎን ካየ ይሮጣል። እኔ ስጠራው ግን ይቆማል።»