ጡቡ ሳይነጣ

«ይህቺን ቦርሳ ያዢልኝና ውሃ አምጪልን እስቲ» አለች የተማሪዎቹ አለቃ፣ ከአውቶብሱ ገና እንደወረደች ቦርሳዋን ለጋጋሪዋ እያስታቀፈች።

ጋጋሪዋ እጆቿን የዘረጋችው ቦርሳ ልትቀበል አልነበረም፤ የልጇን ጓደኞች ልትስም ነበር። ለዚሁ ብላ ሽርጧን ቀይራ፣ የክንዷን ጠባሳ የሚሸፍን እጅጌ ያለው ልብስ ለብሳለች። ቦርሳውን እንደታቀፈች ወደ ልጇ ዞረች። የምትጠብቀው «እናቴ ናት» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ነበር።

ልጅቷ ግን ጫማዋን አየች። ክፍል ውስጥ «ጭምቷ» ነው የሚሏት። ጭምቷ ከሁለት ወር በፊት አንዴ አፏን ከፍታ፣ እናቷ የምትሠራበት እርሻም ዳቦ ቤቱም የቤተሰቧ እንደሆነ አውርታለች። ወሬው ያማለላት የክፍል አለቃቸው ዛሬ ልደቷን ልታከብር አራት ጓደኞቿን አስከትላ ከተፍ አለች።

«ግቡ» አለች ጭምቷ። «ውሃውን ያመጡልናል።»

ከበረንዳው ፊት ለፊት ጉልላት የመሰለው የጡብ ምድጃ ይንቀለቀላል። የፒዛውን ሊጥ እናቷ ያቦካችው ከሁለት ቀን በፊት ነው። በእንግዳው ልክ ድቡልቡል አድርጋ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሳ አስተኝታዋለች። ስድስት ናቸው፤ ስድስተኛው የልጇ ነው። እዚህ ቤት ጥድፊያ የለም። እንጨቱ ሲነድ የምድጃው ጣሪያ መጀመሪያ ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ሙቀቱ ሲበቃ ጥቀርሻው ራሱ ተቃጥሎ ጡቡ ይነጣል። ጡቡ ሳይነጣ ፒዛ አይገባም። ጭምቷ ይህን ከፊደል በፊት ነው የተማረችው።

«ኧረ በረሃብ አለቅን!» አለች አለቃ። «ሴትዮዋ ምድጃው ላይ እንዲህ ያፈጠጠችው ልታገባው ነው እንዴ?»

ሳቁ በረንዳውን ሞላው። ጭምቷም ሳቀች።

«ቤቱ የናንተ አይደል? እዘዣታ! ወይስ ሠራተኛችሁን ትፈሪያለሽ?»

ጭምቷ ተነሥታ ወደ ምድጃው ሄደች። ጣሪያው ገና ግማሹ ጥቁር ነው።

«እንግዶቹ ቸኩለዋል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «አሁኑኑ ያስገቡት።»

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጡቡ አልነጣም እኮ። ታውቂው የለ፣ የኔ ልጅ?»

«ያስገቡት አልኩ!»

እናቷ ለአፍታ አየቻት። ከዚያ ረጅሙን የእንጨት አካፋ አነሣች።

«እሺ፣ እመቤቴ» አለች።

ፒዛው ላዩ አርሮ ታቹ ሊጥ ሆኖ ወጣ። አለቃ አንዴ ጎርሳ ሶፍት ላይ ተፋችው። ቁራሹን ለግቢው ውሻ ወረወረችለት። ውሻው አሽትቶ ትቶት ሲሄድ አንዷ ስልኳን አውጥታ ጋጋሪዋን መቅረጽ ጀመረች። «የዓመቱ ሼፍ! ውሻ እንኳን ይቅርብኝ ያላት!»

ጫጫታውን የሰማችው የእርሻው ባለቤት ከቢሮዋ ወጣች። ፒዛውን በጣቷ ገለበጠችው።

«ጡቡ ሳይነጣ ማነው ያስገባው?»

ጭምቷ ከአለቃ ኋላ ፈቀቅ አለች።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ጋጋሪዋ። «ቸኩዬ ነው።»

«አሥር ዓመት ሠርተሽ ዛሬ ቸኮልሽ? በቃ። ከነገ ጀምሮ ዕቃ ታጥቢያለሽ። ምድጃው አጠገብ እንዳላይሽ!»

አለቃ የእርሻውን ባለቤት በዓይኗ እያሳየች ጭምቷን በክርኗ ጎሸመቻት። «እናትሽ ወንዳታ ናት! ልኳን ነገረቻት።»

ጋጋሪዋ ሰማች። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ገባች።

«ኬኩን ከተማ እንቆርሳለን፤ ነይ ተሳፈሪ!» አሉ ጓደኞቿ ወደ አውቶብሱ እየተንጋጉ። ጭምቷ በምድጃው በኩል ስታልፍ ቀና አለች። ጣሪያው አሁን ወለል ብሎ ነጥቷል። ጨርቁ ሥር አንድ ድቡልቡል ሊጥ ቀርቷል።

የማጠቢያ ቤቱን በር ገፋ አደረገች። «እማ…»

እናቷ ከሳህኑ ላይ ቀና አላለችም። «ይሂዱ፣ እመቤቴ። እንግዶችዎ እየጠበቁ ነው።»

ጭምቷ ወደ አውቶብሱ ሄደች። እግሯን ደረጃው ላይ ግን አላነሣችም።

«ዕቃ ታጥቢያለሽ የተባለችው ናት እናቴ» አለች። «ፒዛውን ያስገባሁትም እኔ ነኝ።»

ከኋላ ወንበር አንዷ በሳቅ ፈነዳች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ስልኩ ወደ ጭምቷ ዞረ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታቸው የቢሮውን በር አንኳኳች።

የእርሻው ባለቤት እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም። በማግስቱ ምድጃውን ሌላ ሰው አነደደው። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው፣ ሳይነጋገሩ ዕቃ አጠቡ።