በኬ የተጻፈው ቁልፍ

የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ሙስተፋ ሞቶ የተገኘው ወፍጮው ሥር ነው። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ማሽኑ ውስጥ ገብቷል፤ ልብሱ በበርበሬ ዱቄት ቀልቷል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ የቡታጅራ ገበያ ገና መድመቁ ነው።

ዋና ሳጅን ኢስሀቅ ሲደርስ ሰዎች ሞተሩን አጥፍተውታል። የማሽኑ ክዳን ግን ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው።

ነገሩን ያወሳሰበው ይሄ ክዳን ነው። የሐጂ ከማሉ ወፍጮ እንደ ሌሎቹ አይደለም። የምታዘው ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ኮምፒውተር ናት። የሚፈጨው ነገር ሲያንቀው ራሷ ታቆመዋለች፤ ሲለቀው ራሷ ታስነሳዋለች። ክዳኑ ከተከፈተ ግን ሞተሩ በፍጹም አይነሳም ተብሎ ነው የተሸጠው። ሙስተፋም ያንን አምኖ የታነቀውን በርበሬ ሊያወጣ እጁን ከተተ።

ኢስሀቅ በዚያን ቀን መዝገቡ ላይ «የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ጻፈ። ወፍጮ ቤቱንም አላሸገም። አስከሬኑ ለዘጠኝ ሰዓት ቀብር መድረስ አለበት፣ የሟች ሚስት ሃሊማ መሬት ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፤ እዚያ መሀል በር ላይ ወረቀት ለመለጠፍ ማን ልብ አለው? በኋላ ለዚህ ራሱን ሲረግም ሰንብቷል። ይበለው፤ ሥራው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሃሊማ ጣቢያ መጣች። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም።

«ባሌ ግድየለሽ አልነበረም» አለች። «ያ ክዳን ሲከፈት ወፍጮው ቀጥ ይል ነበር። ከረመዳን በፊት በዓይኔ አይቻለሁ። ካላመናችሁኝ ሄዳችሁ ሞክሩት።»

ሄደው ሞከሩት። ኢስሀቅ ክዳኑን ከፍቶ ማብሪያውን ተጫነ። ሞተሩ ተነሳ።

ማሽኗን የሠሩት ወልቂጤ ውስጥ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ አቶ ገዛኸኝ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ደግሞ ተቀጣሪው አቤኔዘር፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ። አቤኔዘርን አምጥተው ከማሽኗ ፊት አቆሙት። ላፕቶፑን ሰካ፤ አንድ ገጽ ከፍቶ ሁለቴ አነበበ። ከዚያ የበርበሬ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። «አንድ ፊደል ተሳስቻለሁ። ጻፉት፤ እፈርማለሁ።»

ዓርብ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። ጠበቃም አልፈልግም ብሏል። ምግብ ሲያመጡለት ይመልሳል። ወጣቱ እንዲህ እንደቀለጠ ዳኛ ፊት ከቆመ በራሱ አፍ ራሱን ሊያስቀጣ ነው። ኢስሀቅ በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ ችኩል የእምነት ቃል ደስ ብሎት አያውቅም። ስልኩን አንስቶ ወልቂጤ ኮምፒውተር የምታስተምረውን መምህርት ማርታን ለመናት። ረቡዕ በሚኒባስ መጣችለት።

ማርታ ግማሽ ቀን ሙሉ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ከዚያ ኢስሀቅን ጠራችው።

«ይሄ ድራይቨር ይባላል» አለች። «ከርነል ከሚሉት ከኮምፒውተሩ እምብርት ጋር ሆኖ ሞተሩንና ቁልፎቹን የሚያዘው ፕሮግራም ነው። ግን የትኛው ሽቦ የት እንደተሰካ በራሱ አያውቅም። ያንን ከሌላ ፋይል ነው የሚያነበው። ዲቫይስ ትሪ ይሉታል፤ የዕቃ ዝርዝር ነው ይበሉት።»

«እሺ።»

«አቤኔዘር ለዕቃዎቹ ስም ያወጣው በአማርኛ ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ድራይቨሩ ክዳኑ ሲከፈት ለሚያሳውቀው ቁልፍ ‹ክዳን ቁልፍ› የሚል መስመር ይፈልጋል፤ የቁልፍን ቀ በኪው ጽፎ። ፋይሉ ላይ ያለው ግን በኬ ነው።»

«በዚህች ምክንያት ሰው ሞተ?»

«ለማሽኑ ሁለቱ አይተዋወቁም። የሚፈልገውን ሲያጣ ደግሞ ሞተሩን መከልከል ነበረበት። ይሄኛው ምንም ሳይል ‹ክዳኑ ዝግ ነው› ብሎ ያልፋል። ይሄ የአቤኔዘር ጥፋት ነው፤ አልሸፍንለትም።»

«እንግዲያው ልጁ እውነቱን ነው።»

«ግማሹን» አለች ማርታ። «ሚስቲቱ ቁልፉ ይሠራ ነበር አላለችም? ከመጀመሪያው በኬ ተጽፎ ቢሆን አንድም ቀን አይሠራም ነበር። በኋላ የነካው ሰው አለ። የአቤኔዘርን ሌሎች ፋይሎችም አየሁ። ቀ ባለበት ሁሉ ኪው ነው። አንድ ቦታ እንኳ በኬ አልጻፈም።»

«መቼ እንደተነካ አያሳይም?»

«የሰዓት ባትሪ የላትም። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ትረሳለች። የሁሉም ፋይል ቀን በፈረንጅ 1970 ነው።»

«በንጉሡ ዘመን የተፈጸመ ወንጀል ያዝኩ በይኛ» አለ ኢስሀቅ። አልሳቀችለትም፤ እሱም አልሳቀም።

የወፍጮ ቤቱን በር ቁልፍ የሚይዙት ሐጂ ከማሉ ናቸው። ኢስሀቅ ቤታቸው ሄደ። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ትራስ አቀረቡለት።

«ሐጂ፣ ከአደጋው በፊት ማሽኗን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም።»

«ወላሂ ይበሉኝ።»

ሐጂ ከማሉ መቁጠሪያቸውን ማንከባለል አቆሙ።

«ገዛኸኝ መጥቶ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የበርበሬው ብናኝ የክዳኑ ቁልፍ ውስጥ እየገባ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ወፍጮው በየደቂቃው ይቆምብን ነበር። ገበያተኛ ቆሞ ይሰድበኛል። ‹አንሳልኝ፣ አልፈልገውም› አልኩት። ሰኞ መጣ። ላፕቶፕ ሰክቶ አሥር ደቂቃ ቆየና ‹ተስተካክሏል› አለኝ። እውነትም ከዚያ ወዲህ ቆሞ አያውቅም።»

«ሙስተፋ ሊሞት ስንት ቀን ሲቀረው?»

«ሦስት ቀን።»

«ከዚያ በኋላስ ገዛኸኝ ተመልሶ መጥቷል?»

«በቀብሩ ሰዓት። እኛ ወደ መቃብር ስንወጣ የበሩን ቁልፍ ተቀበለኝ። ‹ማሽኗን ልያት› አለ።»

«ይሄን ሁሉ ለምን ደበቁኝ?»

«አንሳልኝ ያልኩት እኔ ነኛ። ፈራሁ፣ ሳጅን። ሙስተፋ ቤቴ የበላ ልጅ ነው።» ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ሐሙስ ጠዋት ኢስሀቅ ወልቂጤ ገባ። አቶ ገዛኸኝ አምሳን ያለፈ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ በከተማው የተከበረ ሰው ነው። አቤኔዘርን ብየዳ ያስተማረው፣ ቤቱ ያሳደረው እሱ ነው። ግድግዳው ላይ ከዞኑ የመጣ ደብዳቤ ተለጥፏል። ድርጅቱ «ሞዴል ኢንተርፕራይዝ» ተብሎ ሐዋሳ ባዛር ላይ እንዲቀርብ ተመርጧል።

«አቶ ገዛኸኝ፣ እስቲ ‹የክዳን ቁልፍ› ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉልኝ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ይጻፉልኝ ግድ የለም።»

ጻፈ። ኢስሀቅ ወረቀቱን አዙሮ አየው። በኬ ነው።

«‹ቀ›ን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጽፉት?»

«ድሮ ስንማር እንዲህ ነበር። ኪው ኪው የሚሉት የዛሬ ልጆች ናቸው እንጂ…»

ፊቱ አመድ መሰለ። ኢስሀቅ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ሰኞ ዕለት ምን አደረጉ?»

«መስመሩን አጠፋሁት» አለ ገዛኸኝ። ድምፁ ለመስማት ያስቸግራል። «ለሁለት ሳምንት ብዬ ነበር፣ ባዛሩ እስኪያልፍ። ሞዴል ተብለን በሄድንበት ‹ደንበኛ ማሽን መለሰባቸው› ቢባል ማን ያየናል? ብናኝ የማያስገባ ቁልፍ ከአዲስ አበባ አዝዤ ነበር። ሊመጣ ነበር።»

«በቀብሩ ሰዓትስ?»

«መልሼ ጻፍኩት። ቁልፉ ይሠራ ነበር፣ ሰውየው ነው ያልተጠነቀቀው እንዲባል።»

«በራስዎ ፊደል ጻፉትና ድራይቨሩ አላወቀው። በሟች ሊያሳብቡ ብለው ያሳደጉትን ልጅ አሳሰሩ።»

«ሲታሰር ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልመጡም?»



«‹ራሱ አምኗል› አሉኝ» አለ ገዛኸኝ። «ራሱ ካመነ ብዬ… ዝም አልኩ።»

ኢስሀቅ በዚህ ሥራ ብዙ ነገር ሰምቷል። እንደዚህ የቀፈፈው ግን ትዝ አይለውም። ጣቢያ ደውሎ አቤኔዘርን ስልክ ላይ አስጠራው፤ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ነገ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ሌላ ሰው መሆኑንም አከለለት።

አቤኔዘር አልተደሰተም።

«ጋሼ ገዛኸኝ ነው?» አለ።

«እሱ ነው።»

«ቢያጠፋውም እኮ ፕሮግራሙ መጮህ ነበረበት። ያን ያልጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሳጅን።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ሌሎቹስ? የሌሎቹን ወፍጮዎች መስመር ነክቷል? ይጠይቁልኝ። በርበሬ የሚፈጩት ሁሉ ያው ችግር ነበረባቸው።»

ኢስሀቅ ይሄን መጠየቅ እንዳለበት አላሰበም ነበር። ወደ ገዛኸኝ ዞረ።

«የሌሎቹስ?»

ገዛኸኝ አንገቱን ደፋ።

«ቡኢ ያለውን» አለ። «አረቅጥ ያለውንም።»

ኢስሀቅ የስልክ ቁጥሮቹን ከአቤኔዘር ተቀበለ። የቡኢው ባለ ወፍጮ ወዲያው አነሳ፤ መብራት የለም፣ ከትናንት ጀምሮ ቆመናል አለ። የአረቅጡ የአሚኔ ስልክ ግን ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። እንደገና ደወለ። አሁንም ጠራ። በሦስተኛው አንድ ሰው አነሳ። ከኋላው ወፍጮው ያጓራል።

«አሚኔ ነህ? ፖሊስ ነኝ፣ ከቡታጅራ። አጥፋው።»

«እ? አይሰማኝም፤ በርበሬ አንቆት ክዳኑን ከፍቼ…»

ጩኸቱ ድንገት ቆመ። ስልኩ ውስጥ ምንም አልተሰማም። ኢስሀቅ ሳያውቀው ከወንበሩ ተነስቷል፤ ገዛኸኝም ቀና ብሎ አፍ አፉን ያየዋል።

«አሚኔ?»

መልስ የለም።

«አሚኔ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ፣ እሰማለሁ። ላጠፋው ሄጄ ነው። ማን ልበል?»

«እጅህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለ ሰውየው ግራ ገብቶት። «ምነው?»

ኢስሀቅ ስልኩን ለገዛኸኝ አቀበለው።

«አንተ ንገረው» አለ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ትቶ። «ምን እንዳደረግክበት አንተ ንገረው።»