እርሙ ያልወጣለት ተወዛዋዥ

ይህ የሆነው ወረታ ከተማ ነው። ጥቅምት 2011፣ እሁድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ... ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ።

ሰዓቱን ማስቀደሜ «ጨልሞ ስለነበር መስሏቸው ነው» እንዳትሉኝ ብዬ ነው። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው አብዛኛው ዛሬም አለ። ጠይቁት። ወሬ ይቀይርባችኋል እንጂ አልሆነም አይላችሁም።

እኔን ግን ከፍርሃቱ ይልቅ የአይናለም ነገር ነው አንጀቴን የሚበላኝ።

አይናለም ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ከተማው የአማተሮች ቴአትር ክበብ ትሮጣለች። የክበቡ መሪ መምህር የኔነህ «የሩዝ ሠርግ» የሚል ሙዚቃዊ ቴአትር ጽፎ ነበር። ንግግሩ ጥቂት፣ ውዝዋዜው ብዙ ነው። አረሙም፣ አጨዳውም፣ ውቂያውም በትከሻና በእግር ይነገራል። መጨረሻው ሠርግ ነው። ሙሽራዋ አይናለም፣ ሙሽራው ይርዳው።

የእውነቱ ሠርጋቸውም ለጥር ተቆርጦ ነበር።

ይርዳው የፎገራ ገበሬ ልጅ ነው። እስክስታ ሲወርድ ትከሻው አጥንት ያለው አይመስልም። ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲውጠው የእናቱን ጊደር ሊያወጣ ገባ።

ጊደሯ ወጣች። እሱ አልወጣም።

ሬሳው ተፈለገ፣ ተፈለገ... ጠፋ።

እናቱ እማማ ባየች ለቅሶ አልቀመጥም አሉ። ጎረቤቱ በልብሱ እንኳ እናልቅስለት አላቸው፣ ካህናቱ ለመኗቸው። «ልጄን በዓይኔ ሳላየው እርሜን አላወጣም!» አሉ። ፀጉራቸውን አልተላጩም፣ ጥቁር አልለበሱም። ጭራሽ ራቱን እየከደኑ ያስቀምጡለት ጀመር።

አይናለምም አላለቀሰችም። ካለቀሰች ሞተ ማለት ነዋ!

በመስከረም ልምምዱ ሲቀጥል የኔነህ ሌላ ሙሽራ ሊተካ አሰበ። እሷ እምቢ አለች።

«ቦታው ባዶ ይሁን። እኔ እንደ ድሮው ፊት ለፊቱ እወዛወዛለሁ።»

ሐሳቡን ሁሉም ወደደው። ለይርዳው ክብር ይሆናል ተባለ። እርሙ ላልወጣ ሰው ቦታ እየጠበቁለት መሆኑ ያን ጊዜ ለአንዳቸውም አልታያቸውም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የወንዝ ጭቃ ሽታ... መስኮቱ ተከፍቶም አይለቅም።

ከዚያ ደግሞ ተወዛዋዦቹ። ዙሪያውን ሲዞሩ ያችን ባዶ ቦታ የሚረግጣት ጠፋ። አትርገጡ ያላቸው የለም። ግን እዚያ ሲደርሱ ሰው እንደሚያልፉ ሁሉ ትከሻቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን ከበሮ መቺው ደሳለው ምቱን ድንገት አቆመ። ሁሉም ባለበት ቆመ።

ትንፋሹ ግን አልቆመም።

«እስ... እስ... እስ...»

ሰው እስክስታ ሲወርድ በጥርሱ መሃል የሚያወጣው ትንፋሽ። የሁሉም አፍ ግን ተዘግቷል።

ጓደኛዋ ማህደር ወደ አይናለም ጆሮ ተጠጋች።

«ሰማሽ?»

«ዝም በይ።»

«አይንዬ... እርሙ አልወጣለትም እኮ። እናቱን እንለምናቸው። ይለቀስለት።»

«ከተለቀሰለት ይቀራል።»

ማህደር ክው አለች። «አንቺ ልጅ! ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«ትከሻውን አጥቼው?» አለች አይናለም። «ይበርደዋል። ግን ይመጣል... ተይኝ ማህደርዬ፣ አትንኪብኝ።»

ማህደር ተወቻት። ከዚያ ወዲያ ከሁሉም ቀድማ አዳራሹን የምትከፍተው አይናለም ሆነች። ትኳላለች፣ ሹሩባ ትሠራለች። ያያት ሁሉ ተጽናናች ይላል። ምስኪን!

የትርኢቱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። እማማ ባየችም «ልጄ የሚጫወትበት ነው» ብለው ነጭ ለብሰው መጡና ከፊት ተቀመጡ። ሰው አንገቱን ደፋ።

አረሙ አለፈ፣ አጨዳው አለፈ። ሠርጉ ደረሰ።

በጨዋታው መጨረሻ ሙሽራዋ ነጠላዋን አውልቃ ሙሽራው ትከሻ ላይ ጣል ታደርጋለች። በልምምድ አይናለም ነጠላውን ወደ ባዶው ቦታ ዘርግታ መልሳ ትይዘው ነበር። ያን ቀን ግን ለቀቀችው።

አልወደቀም።

አየር ላይ... ልክ በይርዳው ትከሻ ቁመት ቀረ። ከኋላ የተቀመጡት የመድረክ ጥበብ መስሏቸው አጨበጨቡ። ከፊት ያሉት ግን እጃቸውን አላነሱም። ነጠላው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግራ፣ ቀኝ... ግራ፣ ቀኝ... ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠባል።

የደሳለው እጅ ከበሮው ላይ ደረቀ።

«እስ... እስ... እስ...»

እማማ ባየች ተነሡ። የያዛቸው የለም። መድረኩ ላይ ወጥተው ነጠላውን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ይርዳው? ...ልጄ፣ ውሃ ሆነሃል እኮ።»

አይናለም እግራቸው ላይ ወደቀች።

«እማማ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አያልቅሱ! ካለቀሱ ይሄዳል። እንዲህ እንዳለ ይቅርልኝ...»

እማማ ባየች ጎንበስ ብለው ፀጉሯን ደባበሷት።

«እኔስ መች ጠላሁ፣ ልጄ? ግን እይው... ደክሞታል። እረፍ የሚለው አጥቶ ነው እኮ የሚንቀጠቀጠው።»

ሻሻቸውን ከራሳቸው ገፈፉት። ደረታቸውን መቱ።

«ወየው ልጄን! ወየው ይርዳውን!»

ከነሐሴ ጀምሮ ታፍኖ የነበረው ጩኸት ወጣ። አዳራሹ ሙሉ አብሮ አለቀሰ። ደሳለው ከበሮውን አቅፎ፣ የኔነህ መጋረጃው ውስጥ ተሸሽጎ።

ነጠላው ወደቀ። ትንፋሹም ቆመ።

ያላለቀሰችው አይናለም ብቻ ናት። «ሳይሰናበተኝ...» አለች በሹክሹክታ። «እንዴት ሳይሰናበተኝ?»

ያን ሌሊት እማማ ባየች ሜዳው ላይ ወዳለው ቤታቸው ወስደው አንድ አልጋ ላይ አቅፈዋት አደሩ። እንዳትወጣ ፈርተው እጇን እስኪነጋ አልለቀቁም። አንድም ጊዜ ከጎናቸው አልተነሣችም። ይህን በመስቀል ምለው ነው የሚናገሩት።

ጠዋት ለለቅሶ የመጣው ሰው ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ኑ... እዩ» አለ አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከክረምቱ ሙላት የሸሸው ውሃ ከደጃፉ እስከ ወንዙ ድረስ ለስላሳ ጭቃ ትቶ ነበር። ጭቃው ላይ የሁለት ሰው የባዶ እግር ዱካ አለ። የሄዱ እግሮች አይደሉም፤ ፊት ለፊት ቆመው የተወዛወዙ ናቸው። እየዞሩ፣ እየዞሩ... ወንዙ ዳር ድረስ። አንዱ ትልቅ የወንድ እግር ነው። ሌላው ትንሽ ነው። ሁለቱም ውሃው ውስጥ ገብተዋል፤ የተመለሰ የለም።

እማማ ባየች የአይናለምን እጅ ጨብጠዋል። አይናለም በቀስታ አስለቀቀቻቸው።

ጫማዋን አወለቀች። እግሯን አነሣችና ትንሹ ዱካ ላይ አስቀመጠችው።

ልክዋ ነበር።